የረቡዕ ጠዋቱ አውሮፕላን

አንድ ሰው ስንት ጊዜ «አልሄድም» ቢላችሁ ነው የምታምኑት? ሦስት ጊዜ? አሥር ጊዜ? ወይስ መልሱን ከሰማችሁ በኋላ የጓሮውን ሣር ማጨዱን አይታችሁ፣ ጎረቤቱን ጠይቃችሁ፣ ቆሻሻ ውስጥ የጣለው ካርቶን ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ ነው?

እኛ የኮርሊስ ከተማ ሰዎች የመረጥነው የመጨረሻውን ነው። ሮስኮ ትሪፕሌት የኮሌጃችንን የቅርጫት ኳስ ቡድን ማሰልጠን ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። በእነዚህ አራት ዓመታት «ትቀራለህ ወይ?» ተብሎ ያልተጠየቀበት ቦታ የለም። የጥርስ ሐኪሙ አፉን አስከፍቶ ጠይቆታል። ቤንዚን ሲቀዳ ጠይቀውታል። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ እጁን ጨብጠው አልለቅ ብለው ጠይቀውታል። እሱም በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ «እዚሁ ነኝ» ይላል። ጠያቂው ያመሰግናል፤ ከዚያ ዞር ይልና ለጓደኛው «ሲናገር ዓይኑን አየኸው?» ይላል።

ዓይኑን እኔም አይቼዋለሁ። የደከመው ሰው ዓይን ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ኮሪን ድራይሊንግ እባላለሁ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ካንሳስ ውስጥ በዚህ ወረዳ ከብት ያለው ሰው ሁሉ ስልኬን በቃሉ ያውቃል። አባቴ ኧርቪን ድራይሊንግ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ የቆመው ነጭ የእህል ጎተራ ባለቤት ነው። የቡድኑ ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበርም እሱ ነው። ስማችን በጎተራው ላይ ተጽፏል፤ በኮሌጁ ጂምናዚየም ወለል ላይም ተጽፏል። ሮስኮ ደግሞ የጌሪ ከተማ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። በአባቴና በጓደኞቹ መልካም ፈቃድ የሚኖር ሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ እኔ የወደድኩት የአባቴን ቅጥረኛ ነው።

የተዋወቅነው በበቅሎ ነው። ቡድናችን «በቅሎዎቹ» ይባላል፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ ጁኒፐር የምትባል እውነተኛ በቅሎ ከሜዳው ጥግ ትቆማለች። የእሷ ሐኪም እኔ ነኝ። ሮስኮ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ዳኛው ላይ እየጮኸ ወደ ጥግ ሲያፈገፍግ፣ ጁኒፐር የኮቱን እጅጌ በጥርሷ ያዘችው።

«ይቺ እንስሳ ትጠላኛለች» አለኝ፣ ካላቀቅኩት በኋላ።

«አትጠላህም፤ እየቀመሰችህ ነው።»

«እና?»

«ገና አልወሰነችም» አልኩት። ሳቀ። ያን ዕለት በሃያ ነጥብ ተሸንፎ እያለ የሳቀው ሳቅ ነው የያዘኝ።

መዋደዳችን ሲታወቅ ከተማው ደስ አለው። ደስታው ግን ለእኔ አልነበረም። የክሊኒኬ በር ላይ ፓይ፣ በፖም የተሞላ ጣፋጭ ኬክ፣ ይቀመጥ ጀመር፤ በላዩ ላይ ካርድ አለ፤ «ዶክተር፣ ያዢልን» ይላል። የሦስት ልጆች እናት የሆነች ሴት ሱቅ ውስጥ ጎኔን ነክታ «ምነው ቶሎ አርግዘሽ በገላገልሽን» አለችኝ። አባቴም እንደ ቀልድ አድርጎ «አግቢውና እንረፍ» ይል ነበር። እኔ ኮርማ የማስርበትን ገመድ አውቀዋለሁ፤ ከተማው እኔን ለምን እንደፈለገኝ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ትቀራለህ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን አለመጠየቅ ነበር ለእሱ የሰጠሁት ፍቅር።

በዚህ መጋቢት ቡድኑ በአገር አቀፉ ውድድር ሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችን አሸንፎ በሦስተኛው ጨዋታ ወደቀ። በዚያው ሳምንት በምሥራቅ ያለ አንድ ገናና ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙን አሰናበተ። ሰኞ ጠዋት ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሮስኮን ስም ይጠራ ነበር።

ማክሰኞ በሬ ላይ አምስት ፓይ ቆጠርኩ። አንዱንም መቅመስ አልቻልኩም።

በመጋቢት ወር ሌላው አገር ወፍ ይመለከት ይሆናል፤ እኛ የምንመለከተው አውሮፕላን ነው። ትንንሾቹ የኪራይ አውሮፕላኖች ጅራታቸው ላይ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ብታስገቡ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ይነግራችኋል። አሰልጣኝ ሲሰረቅ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ስለሚሰረቅ፣ የቡድናችን ደጋፊዎች የሚያወሩበት ድረ ገጽ ወሩን ሙሉ ቁጥር ሲለዋወጥ ይከርማል። ያረፈ አውሮፕላን ሁሉ አሰልጣኛችንን ሊወስድ የመጣ ነው። አንዴ ጳጳሱን ይዞ የመጣ አውሮፕላን ግማሽ ቀን ሙሉ አስለቅሶናል።

ረቡዕ ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ጸሐፊዬ ዶሎረስ ስልኳን እያውለበለበች ወደ ማከሚያው ገባች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ባል ቀብራለች፤ አንድም የሜዳችን ጨዋታ አምልጧት አያውቅም።

«ዶክተር! አረፈ!»

«ማን ነው ያረፈው?»

«አውሮፕላኑ ነዋ! ከምሥራቅ፤ ከዚያው ከዩኒቨርሲቲው ከተማ!»

«ዶሎረስ፣ እጄ ላም ውስጥ ነው።»

«እጅሽ ላም ውስጥ ይሁን፤ ጆሮሽ እኮ ውጭ ነው። ስሚኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሞ ተነሳ። አሁን ወደ ደቡብ እየሄደ ነው።»

«ምሥራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሰው ወደ ደቡብ ምን ሊወስደው?»

«ለማደናገር ነዋ! ሆቴል ይዘው ማንም በማያያቸው ከተማ ነው የሚዋዋሉት። ትናንት የተወለድሽ አትምሰዪ።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ቀዩ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፣ ዶክተር። ፎቶ ተነስቷል። ይኸው።»

ፎቶውን አሳየችኝ። የከተማው መኪና ሻጭ ለሮስኮ የሰጠው ቀይ መኪና ነው፤ የአየር ማረፊያው አጥር አጠገብ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ ቆሟል።

እጄን ታጥቤ ደወልኩለት። አላነሳም። ስምንት ሰዓት ሲሆን እንደገና ደወልኩ። ዶሎረስ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ሆና እንዳልሰማች ታስመስል ነበር፤ እንባዋን ግን በላም መዝገብ ወረቀት ስትጠርግ አየኋት። እኔ አላለቀስኩም። ወደ ማከሚያው ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሮስኮ ወደ በቅሎዋ በረት መጣ። የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ ሰኮናዋን አስተካክላለሁ፤ እሱም የት እንደሚያገኘኝ ያውቃል። በሩ ላይ ቆሞ ሰኮናዋን በቢላ ስጠርብ አየኝ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«አየር ማረፊያው ሄደህ ነበር?» አልኩት፣ ቀና ሳልል።

«ሄጄ ነበር።»

«ተሳፍረሃል?»

«አልተሳፈርኩም፣ ኮሪን። ከተሳፈርኩ እዚህ እንዴት እቆማለሁ?»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«ሰው ሁሉ የሚሠራውን። ተጫዋቾቹ ደውለው "ኮች፣ አውሮፕላንህ መጥቷል" አሉኝ። ማን ሊወስደኝ እንደመጣ ላይ ብዬ ሄድኩ።» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ማን ነበር?»

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። ጁኒፐር ጆሮዋን አዙራ አየችው።

«ለእኔ የመጣ አልነበረም።»

«ለማን ነው የመጣው ታዲያ? ለእኔ ላም?»

«ይሄን አትጠይቂኝ።»

ቢላዬን ወለሉ ላይ ጣልኩት። ቁጣዬን የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ ይላሉ፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«አራት ዓመት ሙሉ ይሄ ከተማ እንደ መዥገር ተጣብቆ ሲጠይቅህ፣ እኔ አንድ ቀን ጠይቄህ አውቃለሁ? አንድ ቀን!»

«አታውቂም። ባንቺ ዘንድ የማርፈው ለዚያ ነበር።»

«ዛሬ ጠየቅኩህ።»

«አዎ» አለ። «ዛሬ ጠየቅሽኝ።»

ያን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ድካም ነበር፤ እኔንም የጨመረ ድካም። ለጥርስ ሐኪሙና ለቤንዚን ቀጂው ያሳይ የነበረውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ አሳየኝ።

«ከምሥራቅ ደውለውልኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄንን አልደብቅሽም። እስከ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መልስ ይፈልጋሉ።»

«ምን ልትላቸው ነው?»

«አላውቅም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አውቅ ነበር።»

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ! በዚያ ሰዓት ይሄን የሰማች ሴት ምን ትረዳለች? አውሮፕላኑ መጣ፣ ሰዎቹን አነጋገረ፣ ልቡ ተከፈለ፤ እኔ የተረዳሁት ይሄን ነበር። «ውጣ» አልኩት። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። የበቅሎዋን እግር መልሼ አነሳሁ፤ እሷ ታግሣ ቆመችልኝ።

እሑድ ምሳ አባቴ ቤት ነው የምንበላው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥብሱን እሱ ነው የሚሠራው፤ ሁልጊዜ ይደርቅበታል፤ ሁልጊዜ «ለስልሷል» እላለሁ። ያን ዕለት የእናቴን የድሮ መነጽር አድርጎ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

«መነጽርህስ?» አልኩት።

«የሆነ ቦታ ጥዬዋለሁ። እርጅና ነው፣ ልጄ።» ጋዜጣውን አጠፈ። «ሰውየው ምን አለሽ?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ… ስለ ረቡዕ።»

«ምንም አላለኝም።»

ትከሻው ሲወርድ አየሁ። ለእኔ ያዘነ መሰለኝ። ሥጋ ጨመረልኝ፤ ከዚያ እኔን ሳይሆን ሹካውን እያየ መናገር ጀመረ።

«እኔ አይገርመኝም። እነዚህ አሰልጣኞች ሥር የላቸውም፣ ኮሪ። ሰጠናቸው፣ አከበርናቸው፤ የተሻለ ሲጠራቸው ዞር ብለው አያዩም። ታማኝነት የሚባል ነገር ጠፋ። በኛ ጊዜ ሰው እጅ ከተጨባበጠ ቃሉን አያጥፍም ነበር።»

«አባዬ፣ ገና አልሄደም።»

«ይሄዳል። ልብሽን አዘጋጂ ማለቴ ነው።»

እንዲህ አለኝ፤ በእናቴ መነጽር ውስጥ ዓይኑ ትልቅና እርጥብ ሆኖ። እኔም አመንኩት። ሰሃኑን አጥቤለት፣ ግንባሩን ስሜው፣ ነፋሱ መኪናዬን እያወዛወዘው ወደ ክሊኒኬ ተመለስኩ። በአባቴ ርኅራኄ ተጽናንቼ ነበር የተመለስኩት፤ ዛሬ ሳስበው እጅግ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

የክሊኒኩ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ቴምብር የሌለው ደብዳቤ አገኘሁ። የሮስኮ ጽሕፈት ነው፤ ለተጫዋቾቹ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው ትልልቅ፣ ቀጥ ያለ።

«ኮሪን፣

ፊት ለፊት ስንነጋገር አንቺ ትቆጫለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ከተማ ኖሬያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ስሜን ይሳሳታሉ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሳንድዊች በስሜ ይሰይማሉ። በሦስተኛው መቼ እንደምሄድ ይጠይቁኛል፤ በአራተኛው የሄድኩ ያህል ይጠሉኛል። ኳሱ አልሰለቸኝም። ኳሱ ዛሬም የልጅነቴ ያህል ደስ ይለኛል። የሰለቸኝ መጠርጠር ነው። ጠዋት ስነሳ፣ ያላደረግኩትን ነገር እንዳላደረግኩ ለማስረዳት ነው የምነሳው።

ኮርሊስ የተለየ ነው ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ያለውን ቤት አይቼዋለሁ፤ በረት አለው፤ ለምታክሚያቸው ፈረሶች ይበቃል። ላሳይሽ ነበር። ከዚያ ረቡዕ መጣ።

ረቡዕ ያየሁትን አልነግርሽም። ለአንድ ሰው ቃል ሰጥቻለሁ። እሱ የእኔን ቃል እንደማያምን አውቃለሁ፤ እኔ ግን የሰጠሁት ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት እመልስላቸዋለሁ። አንቺ አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም። ለከተማው ብለሽ ግን እንዳትዪኝ። እሱን ከአንቺ አፍ መስማት አልችልም።

ሮስኮ»

ቁጭ ብዬ መልስ ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግሜ ቀደድኩት። «አትሂድ» የሚለውን ቃል ከእኔ በፊት ሺህ ሰው ተጠቅሞበት ጨርሶታል፤ ለእኔ የቀረልኝ ንጹሕ ጠርዝ አልነበረውም። ብነግረው የከተማው ገመድ እሆናለሁ። ባልነግረው ይሄዳል። ቀድጄ በጣልኩት ወረቀት መካከል ተቀምጬ ነበር፤ እንቅልፍ ያጣሁት ለሳምንት ሳይሆን ለአራት ዓመት መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ለስተር ደወለልኝ። የአየር ማረፊያው ኃላፊ ነው። ኃላፊ ስል አትሳሳቱ፤ ነዳጁን የሚሞላው፣ ሣሩን የሚያጭደው፣ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ብቻ ነው። ከማኮብኮቢያው ዳር ፍየሎች ያረባል። አንዷ አንክሳለች አለኝ፤ ሄድኩ።

ሰኮናዋ መሐል የገባውን ድንጋይ አውጥቼ ስጨርስ ከኪሱ የመነጽር ማኅደር ከነመነጽሩ አወጣ። «ለአባትሽ ስጪልኝ» አለ። «አውሮፕላኑ ውስጥ ጥሎት ነው። አብራሪው ትናንት መለሰው።»

ማኅደሩ ላይ «የድራይሊንግ እህል ጎተራ» የሚል ጽሑፍ አለ። ለገና ለደንበኞቻችን የምናድለው ነው።

«የቱ አውሮፕላን ውስጥ ነው የጣለው፣ ለስተር?»

«የረቡዑ ነዋ። አባትሽ፣ የኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ፣ ሌሎች ሁለት የማኅበሩ ሰዎች። አራት ሆነው ቴክሳስ ደርሰው ማምሻውን ተመለሱ።» ፊቴን አየና አፉን ያዘ። «አታውቂም እንዴ? ወይ ጉድ።»

«ከምሥራቅ አይደለም እንዴ የመጣው?»

«አውሮፕላኑማ የኪራይ ነው፤ ማክሰኞ ሌላ ሰው ምሥራቅ አድርሶ ባዶውን ነበር የመጣው። እነሱ ናቸው ያስመጡት። ቴክሳስ ያለ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ሊያነጋግሩ ነው፤ ሲሳፈሩ የሚያወሩት እዚህ ድረስ ይሰማል። ለትሪፕሌት ቦታ።»

«ሮስኮስ?»

«እዚያ አጥሩ ጋ ቆሞ ሲያያቸው ነበር። አባትሽ አየውና ከደረጃው ወርዶ ሄደ። "ለኮሪን እንዳትነግራት" አለው። እኔ ነዳጅ እየሞላሁ ነበር፤ ጆሮዬን ምን ላድርገው? ኮችም "እሺ ሚስተር ድራይሊንግ" አለ። ሌላ ምንም አላለም። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ቀብር ላይ እንደሚቆም ሰው።»

ለፍየሏ አስከፍያለሁ አላስከፈልኩም፤ አላስታውስም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ።

አሁን ንገሩኝ! የሚሄድ ሰው ይተካል፤ ብልህ ሰው ቀድሞ ያስባል፤ ይሄ ይገባኛል። እኔ ሕፃን አይደለሁም። ግን በጓዳ ተተኪ እየፈለጉ፣ በአደባባይ ሰውየውን «ከሃዲ» ማለት ምን ይባላል? እኛ እኮ ያን ሁሉ ቀን የተከታተልነው የራሳችንን ክህደት ነው! ቁጥሩን ጻፍነው፣ ፎቶ አነሳነው፣ አለቀስንበት፤ የወንጀሉ ማስረጃ ሁሉ በእጃችን ነበር፣ ወንጀለኛውን ብቻ ተሳሳትን። እሱም «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አውቅ ነበር» ሲለኝ፣ ሊቀር እንደነበር ነበር የሚነግረኝ። እኔ «ውጣ» አልኩት። አባቴንም ሳምኩት።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

የአሰልጣኙ የሬዲዮ ዝግጅት ሰኞ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ከከተማው ትልቅ ምግብ ቤት በቀጥታ ይተላለፋል። ያን ዕለት የዓመቱ የመጨረሻው ነበር። ሰው ግድግዳ ታክኮ ቆሟል። ሽታው የሰኞ ሽታ ነው፤ ቺሊ የሚሉት የሥጋ ወጥና የቀረፋ ዳቦ። ሮስኮ መድረኩ ላይ፣ ከሬዲዮው ሰው ከጊብ ሳወር አጠገብ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አባቴ ከፊት ጠረጴዛ፣ የእናቴን መነጽር አድርጎ፣ ዳቦውን ቺሊው ውስጥ እየነከረ ነው። ጥያቄ ያለው ሰው ይሰለፋል፤ ማይኩ ዘንድ ሲደርስ ስሙን ይናገራል፤ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ሕጉ ይሄ ነው።

ተሰለፍኩ።

ከእኔ ፊት የነበረው ጡረተኛ ማይኩን እንደ ጠላቱ አንገት አነቀው። «ኮች፣ አታድበስብስ። አዎ ወይስ አይደለም?»

«እዚሁ ነኝ» አለ ሮስኮ።

«ዛሬ እዚህ ነህ። የዛሬ ሳምንትስ?»

«አውሮፕላኑስ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «መቀመጫው ተመቸህ?» ቤቱ ሳቀ። አባቴም ፈገግ አለ። ፈገግ አለ! ሮስኮ ውሃውን አነሳ፤ ሳይጠጣ አስቀመጠው። አንዲት ቃል ብትወጣው ያ ሳቅ ሁሉ ወደ ፊት ጠረጴዛው ይዞር ነበር። አልተናገረም።

ተራዬ ደረሰ።

«ስም?» አለ ጊብ ለወጉ ያህል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ውሻውን ያዳንኩለት ሰው ነው።

«ኮሪን ድራይሊንግ።»

«ያዢልን፣ ዶክተር!» ብሎ ጮኸ አንዱ። እንደገና ሳቅ።

ሮስኮ አየኝ። በእጄ የያዝኩትን የመነጽር ማኅደር አየ፤ ከዚያ ዓይኔን። ገባው። ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ «ተዪው» ነበር የሚለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሦስት ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ቀርቶታል፤ ከተማው ፊቱ ላይ እየሳቀበት ነው፤ እሱ አሁንም አባቴን ከእኔ እየሸሸገልኝ ነው። በሕይወቴ ያን ያህል ወድጄው አላውቅም። ማይኩን ወደ አፌ አቀረብኩት።

«ሮስኮ፣ ትናንት ለደብዳቤህ መልስ አጣሁ» አልኩ። ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እወድሃለሁ። አትሂድ የምልህ ለራሴ ብዬ ነው። ብትሄድም ግን አልፈርድብህም፤ የፈለግክበት እከተልሃለሁ። ዛሬ ከአንተ መልስ አልፈልግም። ከበቂ በላይ መልሰሃል።»

ሳቁ ቆመ። ጊብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ ጥያቄሽስ?»

«ጥያቄዬ ለኮች አይደለም።» ማኅደሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። «ይሄ ረቡዕ ጠዋት ሁላችሁም የተከታተላችሁት አውሮፕላን ውስጥ የተገኘ መነጽር ነው። የአባቴ ነው።»

ማንኪያ ሲወድቅ ተሰማ። አባቴ እጁን አነሳ፤ ድምፁ የልጅነቴ ጊዜ ድምፅ ነበር፣ ለስላሳ። «ኮሪ… ልጄ… ቤት ሄደን እንነጋገር።»

«ቤት አይደለም፣ አባዬ። አንተ እሱን በምስክር ፊት ነው ስትከሰው የነበረው።» እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም። «እወድሃለሁ፤ ጥብስህንም ለስልሷል እያልኩ እበላለሁ፤ ይሄን ግን አልሸፍንልህም። ያን አውሮፕላን ማን ተከራየው? ቴክሳስ ማንን ልትቀጥሩ ሄዳችሁ? ይሄ ሰው አጥሩ ጋ ቆሞ ሲያያችሁ ምን ብለህ አስማልከው? ይሄን ሰው ትፈልጉታላችሁ ወይስ አትፈልጉትም? ተነስ፣ አባዬ። ማይኩ ይኸው። ወረዳው በሙሉ እየሰማህ ነው፤ እዚሁ ቆመህ መልስ።»